«በግማሽ ይቀንሳል» ያላችሁት የማንን ጉንፋን ነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት በጤና ገጻችሁ ስለ ስፖርተኞችና ስለ ቪታሚን ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤዋለሁ። ሌላውን ልተወው። «ስፖርት የሚሠራ ሰው በየቀኑ ቪታሚን ሲ ከወሰደ በጉንፋን የመያዝ ዕድሉ በግማሽ ይቀንሳል» የምትለዋ አንድ መስመር ግን አንገብግባኛለች።

ቁጥሯ ከሰማይ አልወረደችም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ የመረመረ ሥራ አለ። እዚያ ላይ ጉንፋን በግማሽ ቀነሰላቸው የተባሉት ግን 598 ሰዎች ናቸው። እነማን? የማራቶን ሯጮች፣ የበረዶ ሸርታቴ ስፖርተኞች፣ በከባድ ብርድ ልምምድ ላይ የነበሩ ወታደሮች። ለአጭር ጊዜ አቅማቸው እስኪሟጠጥ የደከሙ ሰዎች። ሌላው ሰው በየቀኑ ቢወስደውም ከመያዝ አላዳነውም፤ ሕመሙን ትንሽ አሳጠረለት እንጂ። ጉንፋኑ ከጀመረ በኋላ መዋጥማ ይህ ነው የሚባል ወጥ ጥቅም አልታየበትም። እናንተ ይህን ሁሉ ጨፍልቃችሁ «ስፖርት የሚሠራ ሰው» አላችሁት። በሳምንት ሁለት ቀን ጂም ብቅ የሚለውም፣ በየንጋቱ ወደ አዘዞ የሚሮጠው ልጅም አንድ ሆኑ?

ደግሞስ ማንን ጠየቃችሁ? አንድ የጂም ባለቤት። እዚያው መደርደሪያው ላይ ዱቄትና ክኒን ደርድሮ የሚሸጥን ሰው «ባለሙያ» አላችሁት። ነጋዴ ዕቃውን ያሞግሳል፤ ማጣራት የእናንተ ሥራ ነበር። ጎንደር ሐኪም ጠፍቶባት ነው? ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የምታሠለጥን ከተማ እኮ ናት!

እኔ እዚህ ታዳጊ ሯጮችን አሠለጥናለሁ። ልጆቼ የጂም ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ቁርስ ሳይቀምሱ በብርድ ይወጣሉ። በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምስም አለ። ብዙ ሮጦ በቂ ያልበላ ሰውነት በሽታን መቋቋም ያቅተዋል። ስለ ስፖርተኛና ስለ ጉንፋን የሚጽፍ ሰው ከዚህ መጀመር ነበረበት። እናንተ ለምግብ አንድ መስመር ነፈጋችሁ፤ ለክኒኑ ግን ከነፎቶው ግማሽ ገጽ ሰጣችሁት።

ከልጆቼ አንዱ ሳል ያዘው። እናቱ ለመሮጫ ጫማ ያጠራቀመችውን ብር አውጥታ ቪታሚን ገዛችለት፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፍለቀለቀውን ብርቱካናማ ክኒን። ጠዋት ጠዋት በሃይላንድ በጥብጦ ይዞ ይመጣል። ሳሉ ግን አልለቅ አለው። ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፤ ዙር መጨረስም አቃተው። እጁን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። አክታው ሲመረመር ቲቢ ሆነ።

ይህ የሆነው ዘገባችሁ ከመውጣቱ በፊት ነው። ስለዚህ በእሱ አልከሳችሁም። ዘገባው በወጣ ማግስት ግን ሌሎች ሁለት እናቶች ስልካቸውን ይዘው ሜዳ ድረስ መጡ። «ጋሼ፣ የትኛውን እንግዛላቸው?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ዘይቱን የሚባለውን ፍሬ ግዙላቸው አልኳቸው። እነዚያ ጥናቶች የሰጡት ቢያንስ በቀን 200 ሚሊግራም ቪታሚን ሲ ነው፤ ይህን መነሻ ሁለት ደህና ደህና ዘይቱን ይሸፍነዋል። አንደኛዋ ፊቷን አጠቆረችብኝ። ጋዜጣ ከጻፈው ይልቅ ሜዳ ላይ ፊሽካ የሚነፋን ሰው ለምን ትመን?

ስለዚህ ማረሚያ እጠይቃለሁ። በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ በጥቃቅን ፊደል አይደለም፤ በዚያው የጤና ገጽ፣ በዚያው የርዕስ መጠን። ግማሹ የማን እንደሆነ ተናገሩ። ከሥሩም ይህን ጨምሩበት፦ ሳል ሁለት ሳምንት ከሞላው ክኒን ፍለጋ ሳይሆን አክታ ለማስመርመር ጤና ጣቢያ ይኬዳል፤ የቲቢ ሕክምናው በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሯጮች አሠልጣኝ፣ ከጎንደር