የብሎካችን የጦር ምክር ቤት

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያማርራል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። በየእንቁጣጣሹ የአበባ ሥዕል ተላልከናል፤ ግን እሱ ለሁሉም የሚላክ ነው፣ ደብዳቤ አይባልም። የዛሬው ላንተ ብቻ ነው። ረዘም ስለሚል ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

ሰፈር መቀየሬን ሰምተህ ይሆናል። አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነኝ፣ አራተኛ ፎቅ። ስለ ቤቱ የምነግርህ ብዙ የለኝም፤ ኮንዶሚኒየም ታውቃለህ። የምነግርህ ስለ ጎረቤቶቼ ነው። አንተ ብትኖር ከመካከላቸው የሚያነሳህ አይገኝም ነበር።

ከብሎካችን ሥር፣ ጥበቃው ቤት አጠገብ፣ አንዲት ልጅ ጀበና ቡና ትሸጣለች። ቅዳሜ ከሰዓት በዱካዎቿ ላይ የዓለም ጉዳይ ይጠናቀቃል። እኔ የጦር ምክር ቤት እለዋለሁ። ሰብሳቢው ሻለቃ ናቸው። በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ስትወርረን ገና ጢም ያላበቀሉ ወታደር ነበሩ፤ ካራማራንም በዓይናቸው አይተዋል። ከእሳቸው ፊት ለፊት የሚቀመጡት መምህር ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ። ከዚያ የጅቡቲ መስመር ሾፌር አለ፤ ከጉዞ ሲመለስ ዓይኑ እንደቀላ ይመጣል። የእድራችን ገንዘብ ያዥ እትዬም አሉ። የሦስተኛ ፎቋ ነርስ ተረኛ ካልሆነች ትቀላቀላለች፤ ብዙም አትናገርም።

ወሬው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከሾፌሩ ነው። ዜናውን ከቴሌቪዥን ሳይሆን ከወደቡ ነው የሚያመጣው። የየመን ሁቲዎች በ2016 መጀመሪያ መርከብ መምታት ሲጀምሩ ከሁላችንም ቀድሞ ነግሮን ነበር። «ባብ ኤል መንደብ ማለት እኮ የጅቡቲ በር ነው» ይላል። «ከአውሮፓና ከጥቁር ባሕር የሚመጣ ዕቃ በዚያ ካላለፈ አፍሪካን ዞሮ ይመጣል። እኔ ጋላፊ ድንበር ላይ ተሰልፌ የምውለው ለምን ይመስላችኋል?» ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ዘይቱ ሁሉ በእሱ ተሳቢ ውስጥ የሚያልፍ ይመስለዋል። ደግሞም ብዙ አልተሳሳተም። የገቢ ዕቃችን ከሞላ ጎደል በጅቡቲ በኩል አይደል የሚመጣው?

ባሕር ሲነሳ መምህር ዝም አይሉም። በቀጥታ ስዊዝ ቦይ ይገባሉ። የሙሶሊኒ ወታደር፣ መድፍና የመርዝ ጋዝ ሳይቀር ወደ እኛ የመጣው የቦዩን ቀረጥ እየከፈለ መሆኑን ሲናገሩ ትናንት የሆነ ይመስል ይናደዳሉ። የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጁን ግን ተወው። ቦዩን የያዙት እንግሊዝና ፈረንሳይም አልዘጉትም። ንጉሡ በሰኔ 1928 ጄኔቭ ላይ ቆመው አቤት ሲሉ ነገሩ አልቆ ነበር። ከዚያ መምህር ወደሚወዱት ታሪክ ይሻገራሉ። ከ1959 እስከ 1967 ስዊዝ በግብፅና በእስራኤል ጦርነት ተዘግቶ ሳለ አሥራ አራት መርከቦች መራራ ሐይቅ በሚባለው ውስጥ ተይዘው ቀሩ። ስምንት ዓመት! የበረሃው አሸዋ ቢጫ ቀባቸው። መርከበኞቹ ሲሰለቻቸው የራሳቸውን ቴምብር አሠሩ፣ የራሳቸውን ኦሊምፒክም አዘጋጁ። እትዬ ይህን የሰሙ ዕለት «እድርም ሳያቋቁሙ አልቀሩም» አሉ። ሾፌሩ ቡናው ትን አለው።

ሻለቃ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚሄዱት። ዩክሬንም ይሁን ጋዛ፣ ስለ ድሮንና ስለ ሚሳኤል ስናወራ ዝም ብለው ይሰሙና አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃሉ። «ሰዉ ውሃ ከየት ነው የሚቀዳው?» መጀመሪያ ነገሩ አይገባኝም ነበር። ኦጋዴን ላይ የተጠማ ሰው ካርታ ሲያይ ጉድጓዱን ነው የሚፈልገው።

ውሃ ካልን ደግሞ ያው የራሳችን ጉዳይ ይመጣል። በፈረቃ ነው የምናገኘው፣ እሱም በሌሊት። ምድር ቤት ላሉት በራሱ ግፊት ይደርሳቸዋል። እኛ ላይኞቹ ዲናሞው ወደ ሮቶው ካልገፋልን ጀሪካን ተሸክመን ነው የምንወጣው። ባለፈው ዲናሞው ተቃጠለ። መዋጮ ይሰብሰብ ሲባል የምድር ቤት ሰዎች «እኛ ምን ቤት ነን?» አሉ። መምህር ምድር ቤት ናቸው! አጅሬ ሾፌሩ ይህን ሊያልፈው ነው? «መምህር፣ እርስዎ እኮ እንግሊዝና ፈረንሳይን ሆኑ። ያዝናሉ፣ ቦዩን ግን አይዘጉም» አላቸው። ሰዉ ሳቀ። መምህር ትንሽ ተቀየሙ፤ በማግስቱ ግን ከፈሉ። ሌሎቹ የምድር ቤት ሰዎች እስካሁን እንዳኮረፉ ናቸው።

እዚያው ዕለት ነው አንድ ነገር የሆነው፤ የጻፍኩልህም በዋናነት ለእሱ ብዬ ነው። እትዬ በመዋጮው ተናደው «ጣይቱ እንኳን መቀሌ ላይ ጣሊያንን ያስለቀቀችው ውሃውን ይዛ ነው፤ እኛ ሳንከበብ ተጠምተን ልንሞት ነው» አሉ። ሻለቃ ደስ አላቸው። የመቀሌውን የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ማስረዳት ጀመሩ። ምሽጉ ጠንካራ ነው፣ ምንጩ ግን ከምሽጉ ውጭ ነው። የእቴጌይቱ ሰዎች ምንጩን ያዙ። የጣሊያኑ አዛዥ ጋሊያኖና ወታደሮቹ በጥማት ተንገላቱ፤ በጥር 1888 ምኒልክ ከነመሣሪያቸው እንዲወጡ ፈቀዱላቸው። ሻለቃ በሲኒዎቹ ምሽጉን እየሠሩ ያሳያሉ።

ነርሷ የመቀሌ ልጅ ናት። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ሰው ትዝ አለውና ዝም አለ፤ ከዚያ ሁላችንም ዝም አልን። ስለ ኪየቭና ስለ ጋዛ በየሳምንቱ ስንከራከር ስለዚያኛው ጦርነት በዚያ ዱካ ላይ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ፈርተን ይሁን አፍረን እንጃ። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል።

የተናገረችው እሷው ናት። «የእናቴ ቤት ከዚያ ምሽግ ሩቅ አይደለም» አለች። ጥቅምት 1913 ስልኩ ሲቋረጥ የመጨረሻው ወሬያቸው ስለ በርበሬ ነበር አለች። ከዚያ ወዲህ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳታውቅ ሥራ ገብታ የሰው እናት ታክም ነበር። በ2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ አውሮፕላን ሲጀምር ሄዳ አገኘቻት። እናቷ ቀጥናለች፤ ግን አለች።

እትዬ ይህን ሰምተው «የኔ ትንሹ ልጅ እዚያው ነው የቀረው» አሉ። ወታደር ነበር። እኔ ፎቶውን ቤታቸው አይቼ ውጭ አገር የሄደ መስሎኝ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ስንት ዘመን የሮቶውን ቁልፍ ሲቀባበሉ ኖረዋል፤ ይህን ግን አልተነጋገሩም። ነርሷ «አላወቅኩም ነበር፣ እትዬ» ብላ እጃቸውን ያዘች። ሌላ ነገር አልተባለም። ሾፌሩ ወሬውን ወደ ናፍጣ ዋጋ ወሰደው፤ አልፈረድኩበትም፣ አንድ ሰው ማድረግ ነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ሁሌ ይነሳል አልልህም። አልፎ አልፎ ይነሳል። ሻለቃ ያሉ ዕለት ይሻላል፤ ማን አሸነፈ የሚል ጥያቄ አይወዱም፣ ሲነሳም ያቋርጡታል። መምህር አንዴ «ለታሪክ ገና ነው» ብለው ነበር፤ እኔ አልተስማማሁም። ስለ ዐድዋ ደስ ብሎን የምናወራው የሞተበት ሰው አብሮን ስለማይቀመጥ አይመስልህም? ይህን ግን ፊት ለፊት አልነገርኳቸውም። አንተ ምን ትላለህ? እዚያ ዲሲ አካባቢ እኛ ሰዎች ስትገናኙ ይወራል? ወይስ በየካፌው ተከፋፍላችሁ ነው የምትቀመጡት? ሰው ብዙ ይለናል፤ ካንተ ብሰማው እወዳለሁ።

በል አሁን የምፈልግብህን ልንገርህ። ባለፈው የኮሪያ ጦርነት ተነሳ። ሻለቃ እዚያ የዘመተውን የእኛን የቃኘው ሻለቃ ጦር እያወደሱ፣ አንድም ሰው እንዳልተማረከ ሲያወሩ እኔ ያባትህን ነገር አነሳሁ። ከመጀመሪያዎቹ ዘማቾች ጋር በሚያዝያ 1943 በባቡር ጅቡቲ ወርደው በመርከብ መሄዳቸውን፣ እናንተ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ የነበረውን በበረዶ የተነሱትን ፎቶ። መምህር አላመኑም። «በግንቦት ኮሪያ የገባ ሰው በረዶ ከየት አመጣ? የሁለተኛው ቃኘው ይሆናል» ብለው ችክ አሉ። የኮሪያን የበረዶ ወራት እዚያው እንዳሳለፉ ባስረዳም አልሰማ አሉኝ። ተወራረድን። የተሸነፈ የሁሉንም ቡና ለአንድ ወር ይከፍላል። ብር በ2016 ሐምሌ ከተንሳፈፈ ወዲህ ደግሞ ቡናም የዋዛ አይደለም፤ አንተ በዶላር ስለምታስብ አይሰማህም።

ከፎቶው ጀርባ ባባትህ እጅ የተጻፈ ቀን እንደነበር አስታውሳለሁ። ፎቶው ካንተ ጋር ከሆነ ፊቱንም ጀርባውንም አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ። እህትህ ጋር ከሆነ ደውልላት፤ እኔ ሄጄ አነሳዋለሁ። ብቻ ከቅዳሜ በፊት ይሁን።

ለቤተሰቡ በሙሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ያንተው፣
የድሮው የሰፈር ጓደኛህ