ጭስ ማውጫው ውስጥ ዘይት ሲገኝ፦ ተርቦውን ከማስቀየራችሁ በፊት

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ባለ ተርቦ (በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) መኪና ይዛችሁ ስትመጡ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ፤ «ጭስ ማውጫው ዘይት ይዟል፣ ተርቦው አለቀ ማለት ነው?» ትሉናላችሁ። እኛም ሳናይ «አዎ» አንልም። ይህ አንዳንዶቻችሁን እንደማያረካ እናውቃለን። ስለዚህ ምን ምን እንደምናይና ለምን እንደማንቸኩል ልናስረዳችሁ ወደድን።

መጀመሪያ የምናጣራው ነገሩ በእርግጥ ዘይት መሆኑን ነው። ሞተር ሲነሳ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) ጫፍ የሚንጠባጠበው ጥቁር ፈሳሽ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ውሃ ነው። ነዳጅ ሲቃጠል እንፋሎት ይፈጠራል፤ ቧንቧው ገና ካልሞቀ እንፋሎቱ ውሃ ሆኖ ጥላሸቱን ይዞ ይወርዳል። ጠብታውን በጣታችሁ አሸት አድርጉት። ውሃ ከሆነ ወዲያው ይደርቅና ጥላሸት ብቻ ይቀራል። ዘይት ከሆነ ያሙለጨልጫል፤ በጨርቅ ብትጠርጉትም ቅባቱ ቶሎ አይለቅም። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ለረጅም ሰዓት በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ከጥላሸት ጋር ይደባለቅና ቁርጥ ዘይት ይመስላል። በዚህ ምክንያት ደህና ተርቦ ያለ ጥፋቱ ሲወረወር ማየት ያሳዝነናል።

ዘይት መሆኑ ከታወቀ ከየት እንደመጣ መፈለግ ነው። እዚህ ላይ የተርቦን አሠራር ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። የተርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። የሚያለሰልሰው ዘይት ከሞተሩ በግፊት ይመጣል፤ ሲመለስ ግን የሚገፋው የለም፣ በራሱ ክብደት ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ይወርዳል። በዘንጉ ጫፎች ያለው ማሸጊያም ጎማ ሳይሆን የፒስተን ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ቀለበት) የመሰለ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። ዘይቱን ይዞ የሚያቆየው ቀለበቱ ብቻ አይደለም፤ በውጭ በኩል ያለው የጋዝ ግፊት ከውስጡ ስለሚበልጥም ጭምር ነው።

እንግዲህ የመመለሻ ቱቦው ከታጠፈ፣ በተቃጠለ ዘይት ከጠበበ፣ ወይም ሲገጠም የተቀባው ሲሊኮን ተርፎ ቀዳዳውን ከያዘው፣ መውጫው እንደተደፈነ ሲንክ ዘይቱ ተርቦው ውስጥ ይሞላል። ከዚያ ወደ ጭስ ማውጫው ያመልጣል። ከኮፓው ጋዝ የሚያስወጣው የሞተሩ መተንፈሻ ሲደፈንም ውጤቱ ያው ነው። ፋሻው ያለቀ ሞተርም እንዲሁ፤ ወደ ኮፓ የሚሾልከው ጋዝ ስለሚበዛ ዘይቱ እንዳይወርድ ይገፋዋል። በእነዚህ ሁኔታዎች አዲስ ተርቦ ብንገጥምላችሁ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል።

ከሁሉም በላይ የምንተማመንበት ምርመራ ቀላል ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከተርቦው በኋላ ያለውን ቧንቧ እንፈታለን። ቀጥሎ ከተርቦው በፊት ያለውን ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበውን ቧንቧ) ከፍተን የእያንዳንዱን ሲሊንደር መውጫ በመብራት እናያለን። ማኒፎልዱ ደረቅ ሆኖ ከተርባይኑ (ጭሱ ከሚያዞረው የተርቦው ክፍል) ወዲያ ያለው ከረጠበ፣ ዘይቱ የገባው ተርቦው ላይ ነው። ከአንዱ ሲሊንደር መውጫ ጀምሮ እርጥብ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሞተሩ ነው፤ ያኔ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት) ለክተን ወደ ፋሻውና ወደ ቫልቭ ጎሚኒው (በቫልቩ በኩል ዘይት እንዳያልፍ ወደሚያሽገው ጎማ) እንሄዳለን።

ዘንጉንም በእጃችን እንሞክረዋለን። ወደ ጎን ትንሽ ቢነቃነቅ አትደንግጡ፤ ዘይት በሌለበት ይህ ጤናማ ነው። ወደ ፊትና ወደ ኋላ በግልጽ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም የተርቦው ምላሶች (ክንፎች) ቤቱን የፋቁበት ምልክት ካለ፣ ያ ተርቦ በቅቶታል። ያኔም ቢሆን ዘይት ማስገቢያውንና መመለሻውን ሳናጸዳ አዲስ አንገጥምም።

ስለ ጭሱ ቀለም ብዙ ትጠይቁናላችሁ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይናገራል፤ ከየት እንደመጣ ግን አይናገርም። መኪናው በሚኒሞ ቆይቶ ነዳጅ ሲረገጥ ቡፍ ብሎ የሚወጣው ጭስ ከተርቦም ከቫልቭ ጎሚኒም ሊሆን ይችላል። በጭስ ብቻ አንፈርድም። በውጭ በኩል የሚሸት የተቃጠለ ዘይት ካለም መጀመሪያ የቫልቭ ክዳኑን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እናያለን፤ ከሱ የሚያፈስ ዘይት የጋለ ማኒፎልድ ላይ እየወረደ ሊሆን ይችላል።

እስክትመጡ ድረስ የዘይቱን መጠን በየቀኑ ለኩ። ዘይት እየበላ ያለን መኪና «ትንሽ ልንዳው» ብላችሁ አትቆዩበት፤ የጭሱን መርዝ የሚቀንሰውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ወይም የናፍጣውን የጥላሸት ማጣሪያ ይዞ ይሞታል። ስትመጡም ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ በቅርቡ ተርቦው ወይም ሞተሩ ተፈትቶ እንደሆነ ንገሩን። የመመለሻ ቱቦው ችግር ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጥገናው ካለቀ በኋላ መኪናው ለጥቂት ጊዜ ማጨሱ አይቀርም። ማርሚታው ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት ተቃጥሎ እስኪያልቅ ነው። እየቀነሰ ከሄደ ጊዜ ስጡት። ካልቀነሰ፣ ወይም የዘይቱ መጠን እንደገና መውረድ ከጀመረ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ መልሳችሁ አምጡልን።

ከአክብሮት ጋር
የጋራዡ ባለሙያዎች