ጉዳዩ፦ የጨው ውሃ አኳሪየም የእንጨት ክዳን ውሃ እንዳያስገባ ስለማድረግ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

የተቆረጠ ኮምፔንሳቶ ከእኛ ወስዳችሁ የአኳሪየማችሁን (የዓሣ ገንዳችሁን) ክዳን በቤታችሁ ለምትገጣጥሙ ሁሉ ይህን ደብዳቤ የጻፍነው፣ አንድ ደንበኛችን ሁለት ዓመት እንኳ ያልሞላው ክዳን ይዘው በመምጣታቸው ነው። ፊቱ እንደ አዲስ ያበራል፤ የታችኛው ጠርዝ ግን አብጦ ንብርብሮቹ ተላቀዋል፣ በጣት ሲነኩትም ይፈረፈራል። ጥፋቱ የእኛ ነው። ከጣውላው ጋር የሰጠናቸው መመሪያ ፊትና ጀርባውን ስለ መቀባት እንጂ ስለ ጠርዙ አንዲት ቃል አልነበረውም። ክዳኑንም በነፃ ተክተንላቸዋል።

የባሕር ውሃ በአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። ከገንዳው የሚተነው ንጹሕ ውሃ ስለሆነ ጨውን እንጨቱ ላይ የሚያደርሰው ትነቱ ሳይሆን ከፓምፑና ከአረፋው የሚፈናጠረው ጠብታ ነው። ጠብታው ሲደርቅ ጨው ይቀራል፤ በክዳኑ ሥር ያለው አየር እርጥበቱ ከ75 በመቶ ባለፈ ቁጥር ደግሞ ያ ጨው ውሃ እየሳበ እንጨቱን እንደራሰ ያቆየዋል። ለወጥ ቤት ቁም ሣጥን የሚበቃ ቬርኒሽ እዚህ የማይበቃው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ቁራጭ ከመገጣጠማችሁ በፊት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ጭምር አስቀድማችሁ በስታችሁ፣ በስድስቱም ጎኑ ኢፖክሲ (ከማጠንከሪያው ጋር ተቀላቅሎ የሚጠነክር፣ ውሃ የማያስገባ ቅብ) ቀቡት። ጠርዙ የመጀመሪያውን ቅብ ጠጥቶ ምንም እንዳልተቀባ ይመስላል፤ ብርጭቆ መስሎ እስኪያብረቀርቅ ድረስ ደጋግሙት። የቀደመው ቅብ ከደረቀ በኋላ ላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ካወጣ በውሃ አጥባችሁ፣ ካደረቃችሁት በኋላም በብርጭቆ ወረቀት አሹት፤ ያለዚያ ቀጣዩ ቅብ አይዝም። በክረምት ጋራዥ ውስጥ የምትሠሩ ደግሞ ብርዱ ኢፖክሲውን እንደማያደርቀው አስቡ። እንጨቱን ሞቅ ባለ ክፍል አቆይታችሁ፣ ማሞቂያውን ከቀነሳችሁ በኋላ ቀቡት፤ በመሞቅ ላይ ያለ እንጨት በውስጡ ያለውን አየር እየተፋ ቅቡን በአረፋ ይበሳሳዋልና።

ኢፖክሲ የአልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚያበላሸው በላዩ ነጭ ቀለም መደረብ አለበት፤ ነጩ መብራቱንም ወደ ገንዳው ይመልስላችኋል። ከዚያም ቢያንስ 7 ቀን፣ አምራቹ ከዚያ የበለጠ ካዘዘም እሱ ያለውን ያህል፣ ከገንዳው ርቆ ይቆይ። ይህን ጥበቃ የሚወደው ደንበኛ እስካሁን አላጋጠመንም፤ እኛም አንወደውም።

ብሎንና ማጠፊያው ስቴንለስ ስቲል፣ ቢቻል ጨውን ይበልጥ የሚቋቋመው 316 የሚባለው ዓይነት ይሁን። ነሐስ፣ እንዲሁም በመዳብ ኬሚካል የተነከረ የውጭ ጣውላ፣ ከክዳኑ የሚንጠባጠበው ውሃ መዳቡን ይዞ ወደ ገንዳው ስለሚገባ ሽሪምፑንና ኮራሉን ይገድላሉ። ሻጋታ እንዲከላከል የተዘጋጀ የመታጠቢያ ቤት ሲሊከንም እንዲሁ መርዝ አለበትና አትጠቀሙበት። ሲሊከን ላይ ቀለም ስለማይዝ መገጣጠሚያዎቹን የምትደፍኑት ከቀለሙ በኋላ ነው። ከኋላ በኩል አየር መውጫ መተውን አትርሱ።

ከዚህ ደብዳቤ በፊት ጣውላ የወሰዳችሁ ደንበኞቻችን የክዳኑን የታችኛ ጠርዝ በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ጫን ብላችሁ ሞክሩት። ጥፍራችሁ ከሰመጠ ክዳኑን አንሥታችሁ አምጡልን፤ ያለ ክፍያ እናየዋለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የእንጨት ሥራ ክፍሉ