ታክስ አለመክፈልና አለማስገባት ለየቅል ናቸው

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ታክስ ዕዳ ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደግ ነው። ጽሑፉ ግን ከላይ እስከ ታች ማስፈራሪያ ሆነብኝ። ደመወዝ ይያዛል፣ የባንክ ሒሳብ ይታገዳል፣ ፓስፖርት ይከለከላል፣ እስርም አለ። እሺ፣ ሁሉም ሕጉ ላይ አለ። "ታዲያ ምን ይሻላል?" ለሚለው ግን መልስ አጣሁበት። የእኛ ሰው ደግሞ አይአርኤስን፣ የአሜሪካን ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ማለቴ ነው፣ ሳያስፈራሩትም ይፈራል።

የታክስ ሰሞን ሲደርስ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ሰዎች በነጻ ታክስ በሚሠራበት ቦታ በአስተርጓሚነት አግዛለሁ። ሕግ አልተማርኩም። ታክሱንም የምሠራው እኔ አይደለሁም። መሐል ቁጭ ብዬ ወዲያና ወዲህ መተርጎም ነው ሥራዬ። ሰዉ የሚመጣው ፌስታል ይዞ ነው። ፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ ሲገለበጥ ያልተከፈቱ ፖስታዎች ይዘረገፋሉ። በመሐላቸው "የሪኮማንዴ ደብዳቤ አለህ፣ ፖስታ ቤት መጥተህ ፈርመህ ውሰድ" የሚል ቁራጭ ወረቀት አይጠፋም። የወሰደው የለም። ለምን እንዳልከፈቱት ሲጠየቁ መልሱ አንድ ነው፦ "ብከፍተውስ ምን ልከፍል?"

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ብዙ ሰው የሚከፍለው ስለሌለው ታክሱን ጭራሽ ፋይል አያደርግም፣ ማለትም የዓመቱን የታክስ ቅጽ አያስገባም። ሁለቱ ግን በሕግ ዘንድ በጣም የተለያዩ ናቸው። በጊዜው ፋይል አድርጎ ላልከፈለ ሰው ቅጣቱ በወር ግማሽ በመቶ ነው። ፋይል ላላደረገ ግን በወር 5 በመቶ ነው፣ እስከ 25 በመቶ ይሄዳል። አንድ ሰው 8,000 ዶላር አለበት እንበል። ቅጹን በኤፕሪል 15 አስገብቶ አምስት ወር ሳይከፍል ቢቆይ ቅጣቱ 200 ዶላር ነው። ቅጹን ሳያስገባ አምስት ወር ከቆየ 2,000 ዶላር ይሆናል። ወለዱ በሁለቱም ላይ ይቆጠራል። ልዩነቱን ያመጣው ገንዘቡ አይደለም፣ ወረቀቱ ነው። "ኤክስቴንሽን አለኝ" የሚሉም አሉ። ኤክስቴንሽኑ እስከ ኦክቶበር 15 የሚያራዝመው ማስገቢያውን ነው እንጂ መክፈያውን አይደለም።

እስሩም ቢሆን ጽሑፋችሁ እንዳስመሰለው አይደለም። ገንዘብ አጥቶ አለመክፈል ወንጀል አይደለም። ወንጀል የሚሆነው ሆን ብሎ አለማስገባት፣ እየቻሉ ሆን ብሎ አለመክፈል፣ ሆን ብሎ መደበቅና ማጭበርበር ነው።

ኡበርና ሊፍት ለሚነዱት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፋይል ያላደረገ ሰው ካለ አይአርኤስ ራሱ ተቀምጦ ይሠራለታል። እንዴት መሰላችሁ? በእጁ ባለው 1099 በሚባለው፣ ከፋዩ ኩባንያ ስለ ሰውየው ገቢ በሚልክለት ወረቀት ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ሾፌር፣ ጋሼ እያልኩ ነው የማናግራቸው፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዘው መጥተው ነበር። ቁጥሩ ሲነገራቸው "ይኼ ሁሉ ብር ቢኖረኝ እዚህ ምን አመጣኝ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። 1099-ኬ የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ጠቅላላ ሒሳብ ነው። ኩባንያው የቆረጠው ኮሚሽንም እዚያው ውስጥ አለ። ለማስረዳት ያህል ቁጥሩን ላቅልለው። ወረቀቱ 70,000 ዶላር ይላል። ኩባንያው 20,000 ወስዷል። ሾፌሩ በ2024 እ.ኤ.አ. 40,000 ማይል ለሥራ ነድቷል፣ የዚያ ዓመት ተመን በማይል 67 ሳንቲም ስለነበር 26,800 ይቀነስለታል። የቀረው 23,200 ነው። አይአርኤስ በራሱ ሲሠራው ግን ከ70,000 ተነስቶ ነው። ኮሚሽን አያውቅም፣ ማይል አያውቅም፣ ልጆች እንዳሉህም አይጠይቅም። በራሱ ለሚሠራ ሰው 15.3 በመቶው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአረጋውያን ሕክምና) ታክስም አብሮ ይሰላበታል።

ደግነቱ ይኼ ይስተካከላል። ሰውየው ዘግይቶም ቢሆን ትክክለኛውን ቅጽ ካስገባ አይአርኤስ ሒሳቡን እንደገና እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል። ማይሉን የሚያሳይ መዝገብ ግን ያስፈልጋል። ጋሼ ማስታወሻ ደብተር ነበራቸው፣ በየቀኑ በእርሳስ የጻፉበት። ታክስ ሠሪዋ ደብተሩን ስታይ ፊቷ በራ። ስልክ ላይ የሚመዘግቡ አፖች ሞልተዋል፣ ከእሳቸው እርሳስ ግን አይበልጡም።

ይኼ ሁሉ ፍርሃት ከየት መጣ ብዬ አስባለሁ። ከፊሉ ከሀገር ቤት ይዘነው የመጣን ይመስለኛል። እዚያ ደመወዝተኛ ከሆንክ ግብሩን ቀጣሪህ ቆርጦ ያስገባዋል፣ ዓመት ጠብቀህ የምትሞላው ቅጽ የለም። ነጋዴ ሆነህ "ያለ አግባብ ተጫነብኝ" ካልክ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ለይግባኝ ኮሚሽኑ ከማመልከትህ በፊት ካከራከረህ ታክስ ግማሹን ክፈል ይላል። በዚህ ያደገ ሰው መከራከር ገንዘብ ላለው ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

አሜሪካ ውስጥ ግን መንገዱ ሌላ ነው። አይአርኤስ ታክስ ሊጨምርብህ ሲል፣ የዘጠና ቀን ደብዳቤ የሚባለውን ይልክልሃል። በእነዚያ 90 ቀናት ውስጥ ለታክስ ፍርድ ቤት ካመለከትክ አስቀድመህ የምትከፍለው ታክስ የለም። የመዝገብ መክፈቻው 60 ዶላር ነው። አቅም የሌለው እሱንም እንዲቀርለት ይጠይቃል። የሚያከራክረው ለአንድ ዓመት ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ ቀለል ባለ ሥርዓት እንዲታይ መምረጥ ይቻላል። ችግሩ ቀኑ ነው። ዘጠናው ቀን የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተላከበት ነው፣ ፖስታው ከተከፈተበት አይደለም። የሚላከውም አይአርኤስ ወደሚያውቀው የመጨረሻ አድራሻህ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ዛሬ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ከጓደኛ ጋር፣ ከርሞ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ከእህቱ ጋር ነው የሚኖረው። አድራሻ መቀየሩን በቅጽ 8822 ያላሳወቀ ሰው፣ ደብዳቤው ሳይደርሰውም ቀኑ ሊያልፍበት ይችላል።

ሌላው ቀን 30 ነው። ደመወዝ ወይም የባንክ ሒሳብ ከመያዙ በፊት የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ጥግ ላይ ኤልቲ11 ተብሎ ይጻፍበታል። ከዚያ ወዲህ ባሉት 30 ቀናት ውስጥ ቅጽ 12153 ከተላከ ጉዳዩ በይግባኝ ሰሚ ይታያል፣ መያዙም አብዛኛውን ጊዜ ለጊዜው ይቆማል። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ሰው ግን አንድ አርብ ካርዱ ነዳጅ ማደያ ላይ አልሠራ ሲለው ነው የሚነቃው።

መክፈል ለማይችልም መላ አለ። ዕዳው ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ በየወሩ ለመክፈል በድረ ገጹ ላይ ራሱ መዋዋል ይቻላል። ከኪራይና ከቀለብ የሚተርፈው ከሌለ፣ አይአርኤስ ማስከፈሉን ለጊዜው እንዲያቆም መጠየቅ ይቻላል። ዕዳውን በከፊል ከፍሎ ለመገላገል ማመልከትም አለ፣ ግን ሬዲዮ ላይ እንደሚወራው ሁሉም አያገኘውም። ለወርሃዊው ክፍያና ለቅነሳው ማመልከቻ አንድ ነገር ይጠየቃል፦ ያለፉት ዓመታት ቅጾች መግባት አለባቸው። ሁሉም መንገድ ወደ ወረቀቱ ይመልሰናል።

"ሀገር ቤት ሄጄ ልቀመጥ፣ አሥር ዓመት ሲሞላው ይሰረዛል" የሚሉም ገጥመውኛል። አሥር ዓመቱ እውነት ነው። ግን መቁጠር የሚጀምረው ታክሱ በመዝገብ ከተወሰነበት ቀን ነው፣ ፋይል ሳይደረግ በዝምታ ያለፈ ዓመት አይቆጠርም። ከአሜሪካ ውጭ በተከታታይ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ቆጠራው ይቆማል። ቦሌ ተቀምጦ ዕዳ አያልቅም። ፓስፖርቱም ቢሆን፣ ለአሜሪካ ዜጋ፣ የሚከለከለው ዕዳው ከነቅጣቱና ወለዱ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. መጠኑ 64,000 ዶላር ነበር። በወር እየከፈለ ያለ ሰው በዚህ አይነካም። ጽሑፋችሁ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ስንቱ በሰላም ያድር ነበር። ዜግነት የሚያመለክቱትም እንዲሁ፦ ዕዳ መኖሩ ብቻውን በር አይዘጋም፣ የክፍያ ውሉን ይዞ መቅረብ ነው። የሜሪላንድ ሰዎች ግን የክፍለ ሀገሩን ታክስ ለብቻው ያስቡት። ሜሪላንድ ያልተከፈለ ታክስ ላለበት ሰው የመንጃ ፈቃድ እድሳት ሊይዝ ይችላል። ለሾፌር ይኼ እንጀራ ነው።

ሴቶቹን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። ባልና ሚስት አብረው ፋይል ካደረጉ ለሙሉው ዕዳ ሁለቱም ተጠያቂ ናቸው። የፍቺ ፍርድ ቤቱ "ዕዳው የባል ነው" ቢልም አይአርኤስን አያስገድደውም። ባሏ ከሥራው የሚያገኘውን ደብቆ፣ እሷ ሳታውቅ የፈረመች ሴት የእሱ ዳፋ ሲደርስባት ቅጽ 8857 የሚባል አለ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ መሆኑን ካስረዳች ከዕዳው ሊያወጧት ይችላሉ። ለአንዳንዱ ዓይነት ጥያቄ የሁለት ዓመት ገደብ ስላለው ግን አይደር። ቤተ ክርስቲያን ላይ ሽማግሌ ጠርቶ ከሚጨቃጨቅ ሰው ሁሉ አንዱ እንኳ ይህን ቅጽ ሲጠቅስ አልሰማሁም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ጽሑፋችሁ ጎን ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። "ትልቁን ሪፈንድ እናስገኛለን" ይላል፣ ተመላሽ የታክስ ገንዘብ ማለቱ ነው። ስም የለውም፣ ስልክ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉት ታክስ ሠሪዎች የሚሠሩትን እኔ በኋላ ነው የማየው። አዲስ አበባ ከአያቱ ጋር የሚኖረውን፣ የአሜሪካ ዜግነት የሌለውን ልጅ ዲፔንደንት (ጥገኛ) ብለው ያስገባሉ። ሕጉ ግን ልጁ ወይ ዜጋ መሆን፣ ወይ አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም ሜክሲኮ መኖር አለበት ይላል። ደንበኛው ሀገር ቤት ላለች እናቱ የላከውን ብር ከታክስ ይቀንሳሉ፣ እሱም አይቀነስም። ሪፈንዱ ይመጣል፣ ደስ ይላል፣ ውሎ አድሮ ደብዳቤው ይመጣል። በዚያን ጊዜ ስልኩ አይነሳም። ቅጹ ሲገለጥ ታክስ ሠሪው መፈረም በነበረበት ቦታ ላይ "በራሱ የተሠራ" የሚል አለ። ሕጉ ደግሞ ላስገባው ወረቀት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው ይላል። የሥራ ገቢ ድጎማ የሚባለውን፣ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሠራተኛ የሚሰጠውን፣ ደንቡን ሆን ብሎ ወይም በግድየለሽነት ጥሶ የወሰደ ለሁለት ዓመት፣ አጭበርብሮ የወሰደ ለአሥር ዓመት ይታገዳል።

ገንዘብ ተቀብሎ ታክስ የሚሠራ ሁሉ ከአይአርኤስ የተሰጠው ፒቲን የሚባል ቁጥር ሊኖረው፣ በሠራው ቅጽ ላይም ሊፈርም ግዴታ አለበት። ማስታወቂያ ከመቀበላችሁ በፊት ይህን ቁጥር ጠይቁ። የሌለውን አታውጡለት። ገቢው እንደሚቀርባችሁ አውቃለሁ። በዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ታክስ ከፋዮች በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚከራከሩትን፣ የታክስ ክሊኒክ የሚባሉትን ድርጅቶች አድራሻ አውጡ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ሰዎች መብታቸውን ማስተማርም በሕግ የተሰጣቸው ሥራ ነው። ዝርዝራቸው የአይአርኤስ 4134 ቁጥር ጽሑፍ ላይ በየክፍለ ሀገሩ ተቀምጧል። መተርጎሙ ከከበዳችሁ ላኩልኝ፣ እኔ እተረጉመዋለሁ።

አክባሪያችሁ
አንድ አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ