ለ11 ሰው አንድ ባይኖኩላር፦ የድጋፍ ጥሪ

መስኮቴ ጥግ ላይ ርግብ ጎጆ ሠራች። ጎጆ ከተባለ ነው፤ ጥቂት ጭራሮና አንድ የተጣመመ ሽቦ። እንቁላሎቹ ሁለት ነበሩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ያሰብኩት ጠርጌ ልጣለው ነበር።

ጠዋት የማያት ርግብ አንገቷ ላይ ነጭ ነቁጥ አላት። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሳይ ነቁጡ የለም። ለካ ሌላ ርግብ ኖሯል! እንቁላል የሚታቀፉት በፈረቃ ነው። ከረፋድ እስከ አመሻሽ ወንዱ፣ ሌሊቱንና ማለዳውን ሴቷ። በ18 ቀን ገደማ ተፈለፈሉ። ጫጩቶቹን የመገቧቸው ደግሞ ጉሮሯቸው ውስጥ በሚያመነጩት ወተት መሰል ነገር ነው፤ ወንዱም ጭምር። እኔ ግን ለዓመታት "ቆሻሻ ወፍ" ስላት ኖሬያለሁ።

ወሬው ጎረቤት ደረሰ። አሁን 11 ሆነናል፤ በሳምንት አንድ ጠዋት ሰፈራችንን እንዞራለን። ብርቅ እንስሳ አንፈልግም። ድንቢጥ፣ ሸረሪት፣ ከአስፋልት ስንጥቅ የበቀለ ሣር፣ የመንገድ መብራት የሚዞሩ የእሳት ራቶች ይበቁናል። ያየነውን ከነቀኑና ከነሰዓቱ ደብተር ላይ እንጽፋለን።

ችግራችን ባይኖኩላሩ፣ ማለትም ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየው መነጽር ነው። ያለን አንድ ብቻ ሲሆን የግራ ዓይኑ ደብዝዟል። ተራ እስኪደርስ ወፉ ይበራል፤ ሰባተኛው ሰው ሁሌም የሚያየው ባዶ ቅርንጫፍ ነው።

ስለዚህ እጃችሁን ዘርጉልን። ሦስት ባይኖኩላሮች መግዛት እንፈልጋለን። ውድ አይደለም የምንለው፤ "8 በ42" የሚባለው በቂ ነው። 8 እጥፍ አቅርቦ ያሳያል፣ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። በጣም የሚያጎላው እጅ ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ሁሉን ያናውጣል፤ በተለይ ለጀማሪ አይመችም። ቀሪው ገንዘብ ለአጉሊ መነጽርና ለደብተር ይውላል። ዕቃው የማንም የግል አይሆንም፤ ማንኛውም የሰፈር ሰው ለሳምንት ተውሶ ይመልሳል። የገዛንበትን ደረሰኝ ለሁሉም እናሳያለን።

ገንዘብ የሌላችሁ መሳቢያ ውስጥ የተኛ አሮጌ ስልክ ካላችሁ አምጡልን። ስክሪኑ ቢሰነጠቅም ግድ የለም፣ ድምፅ ከቀዳ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት በኔዘርላንድስ ሌይደን ከተማ ጩኸት የበዛበት ቦታ የሚኖሩ ግሬት ቲት የተባሉ ትናንሽ ወፎች ዝማሬያቸውን እንደሚያቀጥኑት አሳይቷል። ወፍራሙን ድምፅ የመኪናው ጩኸት ስለሚውጠው ነው። የእኛዎቹስ? በዋናው መንገድ ዳርና በውስጥ ለውስጡ ጎዳና ቀድተን ማወዳደር አምሮናል።

ርግቢቱ እንደገና እንቁላል ጥላለች። የፈረቃ ቅያሬውን ማየት የምትፈልጉ ረፋድ ላይ ብቅ በሉ። ባይኖኩላር ያላችሁ ግን ይዛችሁ ኑ።