የፊዚክስ ክበብ፦ ኒውክለስን በስሌት መመዘን

ዘንድሮ የፊዚክስ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ እንዲሠራ ሐሳብ ያቀረቡት የ12ኛ ክፍል አባላት ናቸው። ጥያቄው የአንድን ኒውክለስ የትስስር ኢነርጂ፣ ማለትም ኒውክለሱን ወደ ነጠላ ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች ለመበታተን የሚያስፈልገውን ኢነርጂ፣ በደብተርና በካልኩሌተር ብቻ ምን ያህል አቅርቦ ማስላት ይቻላል የሚል ነበር።

የተነሣነው ጀርመናዊው ካርል ፎን ቫይትሴከር እ.ኤ.አ. በ1935 ካወጣው፣ ኒውክለስን እንደ ፈሳሽ ጠብታ ከሚቆጥረው ቀመር ነው። ከቀመሩ አምስት ክፍሎች አባላቱን በጣም ያስቸገራቸው ለጠብታው ገጽ ሲባል የሚቀነሰው ነበር። ስለዚህ ብዮችን በሰም አጣብቀን ቆለልን፤ መሐል የገባችውን ብይ 12 ጎረቤቶች ሲነኳት ዳር የቀሩት ግን ከዚያ ያነሱ ጎረቤቶች፣ ስለዚህም ያነሰ ትስስር፣ እንዳላቸው አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በጣቷ እየነካች ቆጥራ አሳየች። ከዚያ በኋላ የገጹ ነገር ዳግም አላከራከረንም።

የመጀመሪያው ስሌታችን ብረት 56፣ ማለትም ፕሮቶኖቹና ኒውትሮኖቹ በድምሩ 56 የሆኑት የብረት ኒውክለስ፣ ነበር። በቀመሩ ለእያንዳንዱ ቅንጣት የሚታሰበውን 15.75 በ56 አባዝተን ካገኘነው 882 ላይ ለገጹ 260.5፣ ለፕሮቶኖቹ መገፋፋት 120.8፣ ለፕሮቶንና ለኒውትሮን ቁጥር አለመመጣጠን 6.8 ቀንሰን፣ ፕሮቶን ከፕሮቶን፣ ኒውትሮን ከኒውትሮን ጋር ጥንድ ለመሆናቸው 1.5 ስንደምር 495.4 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የኒውክለስ ኢነርጂ የሚለካበት አሃድ) ሆነ። በልኬት የታወቀው 492.3 ስለሆነ ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ።

ሂሊየም 4 ላይ ግን ቀመሩ 22.8 ሲሰጠን ልኬቱ 28.3 ነው። አባላቱ የተሳሳቱ መስሏቸው ስሌቱን ደጋግመው ፈተሹት፤ እኔም አራት ቅንጣት ብቻ ያለውን ኒውክለስ ጠብታ ብሎ መጥራት እንደሚያስቸግር ነገርኳቸው። መልሴ ግን በቂ አልነበረም፤ 132 ቅንጣቶች ባሉት ቆርቆሮ 132 ላይም ስሌታችን 1092.5፣ ልኬቱ ደግሞ 1102.8 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው የፕሮቶናቸውም የኒውትሮናቸውም ቁጥር 2፣ 8፣ 20፣ 28፣ 50፣ 82፣ 126 ከሚባሉት «አስማታዊ ቁጥሮች» መካከል መሆኑ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ማሪያ ገፐርት ማየርና ሃንስ የንሰን እ.ኤ.አ. በ1949፣ በየፊናቸው፣ ቅንጣቶቹ በኒውክለሱ ውስጥ በእርከን እንደሚደረደሩ በማሳየት አብራርተዋቸዋል። የጠብታው ቀመር ይህን እርከን አያውቀውም፤ ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

በስሌቱና በልኬቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለሌሎች ኒውክለሶችም የሚያሳየው ሰንጠረዥ ገና አላለቀም። በ28፣ በ50፣ በ82 እና በ126 ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮች የተሠመሩበት የግራፍ ወረቀት በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ነጥቦቹን የ11ኛ ክፍል አባላት በመስከረም መሙላት ይጀምራሉ።