ልጁን በራሱ ስም ጥሩት

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በሰፈራችን ሜዳ ታዳጊዎችን የማሠለጥን የረጅም ጊዜ አንባቢያችሁ ነኝ። ሰሞኑን አንድ የ13 ዓመት ልጅ ከልምምድ በኋላ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እስከ 16 ዓመቴ ካልታወቅሁ አለቀልኝ ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ከየት እንዳመጣው አልጠፋኝም። ስፔናዊው ተጫዋች ላሚን ያማል በ15 ዓመቱ ለባርሴሎና ተሰልፎ፣ 17 ዓመት በሞላው ማግስት የአውሮፓን ዋንጫ ካነሳ ወዲህ የስፖርት ዝግጅቶቻችን ታዳጊን የሚመዝኑት በእርሱ ዕድሜ ሆኗል።

ያማል ድንቅ ተጫዋች ነው፤ ምስጋናው ይገባዋል። እኔን የሚያስጨንቀኝ «አዲሱ ሜሲ» የምትለዋ ቅጽል ናት። ከእርሱ በፊት ቦያን ክርኪች የሚባል የዚያው ክለብ ልጅ ተሸክሟታል። ቦያን እ.ኤ.አ. በ2007 ገና በ17 ዓመቱ በስፔን ከፍተኛ ሊግ፣ በላሊጋ፣ ለባርሴሎና ሲሰለፍ የሜሲን የዕድሜ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዚያው የውድድር ዘመን 10 ጎሎች አስቆጠረ። በ2008 መጀመሪያ ለስፔን ብሔራዊ ቡድን ተጠርቶ ከፈረንሳይ ጋር ሊጫወት ሲል ግን ጭንቀት ጣለው። ለሕዝብ የተነገረው የሆድ ሕመም ነው ተብሎ ነበር። ከአውሮፓ ዋንጫው ሲቀርም የአገሩን ጥሪ እምቢ እንዳለ ተጻፈበት። አስቡት፣ የ17 ዓመት ልጅ ነው! እውነቱን በይፋ የተናገረው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። ለባርሴሎና፣ ለሮማ፣ ለሚላንና ለአያክስ የተጫወተ ሰው ዛሬም «ያልተሳካለት» የሚባለው ከሜሲ ጋር ስለተመዘነ ብቻ ነው።

በአገራችንም አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎሎች አስቆጥሮ የሊጉን የአንድ የውድድር ዘመን የጎል ክብረ ወሰን ሲያሻሽል ስሙ ከአፋችን አልወጣም ነበር። ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄዶ ጉዳት ከሜዳ ሲያርቀው ግን ዝም አልን። እንዴት እየታከመ፣ መቼ እንደሚመለስ ለማወቅ ስፈልግ ያገኘሁት ከሁለት መስመር ያልዘለለ ዜና ነበር። ዝናውን ተካፍለን ሕመሙን ለብቻው ተውንለት።

አዘጋጅ ሆይ፣ ጋዜጠኞቻችሁን ወደ ታዳጊዎች ውድድር ላኩልን። ልጁ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ፣ በየትኛው ቦታ እንደተሰለፈ፣ ኳስን ማን እንዳስተማረው፣ ትምህርቱን እየተከታተለ እንደሆነ ጻፉ። ሲጎዳም ተመልሳችሁ ጠይቁት። ስሙን ስታነሱ ደግሞ አባቱ ያወጣለትን ስም ብቻ ጻፉ።

ለዚያ ልጅ፣ ታዋቂው የኮትዲቯር አጥቂ ዲዲየር ድሮግባ የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ውሉን የፈረመው በ21 ዓመቱ እንደሆነ ነገርኩት። አንገቱን ነቀነቀልኝ እንጂ ያመነኝ አልመሰለኝም። እናንተ ብትጽፉት ግን ያምናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የታዳጊዎች አሠልጣኝ፣ ከአዲስ አበባ